መርፌ የሚፈራን ሰው እንርዳው እንጂ አንሣቅበት



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ሆኖ ሳለ እንደ ቁም ነገር የማይቆጠር፣ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ መሣቂያ የሚደረግ ጉዳይ ነው። ይኸውም መርፌን የመፍራትና የደም ምርመራን የመሸሽ ነገር ነው። እርስዎም በቤተሰብዎ፣ በጎረቤትዎ ወይም በሥራ ባልደረቦችዎ መካከል እንዲህ ያለ ሰው እንደማያጡ እናምናለን። አንዳንዱ ሐኪም «ደም ተመርመር» ብሎ የጻፈለትን ወረቀት በኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዳንዷ የልጇን ለቅሶ ላለመስማት ስትል የክትባቱን ቀን ታሳልፋለች። ሌላው ደግሞ ደፍሮ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ላብ ያጠምቀውና ተዝለፍልፎ ይወድቃል።

ይህ ነገር በከተማ ለሚኖር ሰው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዛሬ ያልተመረመረ ነገ ተመልሶ መሄድ አያቅተውምና። በደሃና ግን እንዲህ አይደለም። ደሃና በዋግ ኽምራ ውስጥ የሚገኝ ተራራና ሸለቆ የበዛበት ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው አምደ ወርቅ ነው። ደም የሚመረመርበት ጤና ጣቢያ ለመድረስ ዳገቱን ወጥታ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር ከላቦራቶሪው በር ላይ ፈርታ ብትመለስ የሚቀርባት የአንድ ቀን ድካም ብቻ አይሆንም። ምናልባትም እስከ ምጧ ቀን ድረስ ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። ከዋግ የመጣች እናት፣ አክስት ወይም እኅት በቤትዎ ተቀብለው ወደ ሕክምና የሚወስዱ ከሆነም ይህ ጽሑፍ በቀጥታ ይመለከተዎታል።

በአንድ ክንድ ምን ይታወቃል?

ፍርሃቱን ለማስወገድ ከመነሣታችን በፊት ከፍርሃቱ የተነሣ የሚቀረው ነገር ምን እንደሆነ መገንዘብ ያሻል። ከአንዲት ነፍሰ ጡር ክንድ በሚወሰድ ጥቂት ደም የደም ማነስ ያለባት መሆን አለመሆኗ፣ የደሟ ዓይነት፣ የቂጥኝ ወይም የኤች አይ ቪ ሕመም መኖር አለመኖሩ ይታወቃል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት የደም ዓይነቷ አስቀድሞ ቢታወቅ ለሕይወቷ ውድ የሆነውን ጊዜ ታተርፋለች። ቂጥኝ ያለባት እናት በጊዜ ከታወቀላት በፔኒሲሊን መርፌ ራሷም ፅንሱም ይድናሉ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት ሕክምና ካላገኘች በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል ከ100 ከ15 እስከ 45 ሲሆን፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደች ግን ከ100 ከ5 በታች እንደሚወርድ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚጀምረው በአንዲት የመርፌ ጫፍ ነው።

የደም ማነስን ነገር በተለይ ብናነሣ ለዋግ ኽምራ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. ያወጣው ዕቅድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተጠራው በዚሁ ዞን ዋና ከተማ ስም ነው። ልጅ በማኅፀን ሳለ የሚያድገው በእናቱ ደም ነውና የእናቲቱ ደም መመርመር የሕፃኑም ጤና መጀመሪያ ነው።

ከዚህም ሌላ የዞኑ ሕዝብ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ባሳለፈው ጦርነት የጤና ተቋማት ተጎድተው፣ የክትባትና የምርመራ አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። አገልግሎት በተቋረጠበት ዘመን ያልተከተበ ልጅና ያልተመረመረች እናት ሲገኙ፣ ደግሞ በፍርሃት ምክንያት እንዲቀሩ መተው ተገቢ አይሆንም።

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ደረጃ ይህ ፍርሃት የደሃና ወይም የገጠር ሰው ብቻ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ጽሑፍ እንዳመለከተው አብዛኞቹ ሕፃናት መርፌ ይፈራሉ፤ ከ100 ጎረምሶችና ኮረዳዎች ከ20 እስከ 50 የሚሆኑት፣ ከ100 ወጣቶችም ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ፍርሃቱ አለባቸው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ፍርሃቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይሁንና የማይለቃቸው አዋቂዎችም አሉ።

በእኛ አገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አያቶቻችን በዋግምት ደም ሲያስወጡ፣ ምላጭ ሲያሳርፉ ኖረዋል። በዕድሜ ከገፉት መካከል ብዙዎቹ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ በክንዳቸው ላይ አለ። ክትባቱ ያመጣውን ውጤትም ያውቁታል፤ ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ነውና። ስለሆነም ሕዝባችን መሣሪያ በገላው ላይ ሲያርፍ እንግዳ አይደለም። ታዲያ ፍርሃቱ ምንድን ነው ቢባል ብዙ መልክ አለው።

አንደኛው የልጅነት ትዝታ ነው። በሕፃንነቱ ሦስትና አራት ሰው ተጭኖት የተወጋ ልጅ ነገሩን ረስቶት ቢያድግም ሰውነቱ አይረሳውም። ሁለተኛው የቆየ ወሬ ነው። ፈቃድ የሌላቸው መርፌ ወጊዎች በየመንደሩ እየዞሩ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ይወጉ በነበረበት ዘመን ቁስሉ መግል የያዘ፣ እግሩ ያነከሰ ሰው ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። ሦስተኛው ደግሞ እኛው ወላጆች በገዛ እጃችን የምንተክለው ነው። «ዝም ካላልክ ለሐኪሙ ነግሬ መርፌ አስወጋሃለሁ» የማይባልበት ቤት ስንት ይሆን? ልጁ ሳያጠፋ የሚቀጣበት ቤት አድርገን ጤና ጣቢያውን ካሳየነው በኋላ፣ በክትባቱ ቀን «ና፣ ሐኪሙ ወዳጅህ ነው» ብንለው እንዴት ያምነናል?

ፈሪ ስለሆነ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። መርፌ ሲያይ የሚዝለፈለፍ ሰው ወኔ የጎደለው አይደለም። በአብዛኛው ፍርሃት ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። መርፌና ደም የሚፈራ ሰው ግን መጀመሪያ ልቡ ቶሎ ቶሎ ከመታ በኋላ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ስለሚያንስ ፊቱ ይገረጣል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ይህ ከሰውየው ፈቃድ ውጭ የሚሆን የሰውነት ሥራ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍም ይታያል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የሕመሞች ዝርዝር ውስጥ ደምን፣ መርፌንና ቁስልን የመፍራት ነገር ራሱን የቻለ የፍርሃት ዓይነት ሆኖ ተመዝግቧል።

በመሆኑም ጠመንጃ አንግቶ ሌት ተቀን የተጓዘ ጎልማሳ ለደም ምርመራ ሲቀመጥ ቢወድቅ ሊገርመን አይገባም። በተለይም ወንዶች ይህ ሲደርስባቸው ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ይጎዳቸዋል። «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ሁለተኛ ወደ ሕክምና አይመለሱም። «ስምንት ልጅ አምጠሽ የወለድሽ መርፌ ትፈሪያለሽ?» ተብላ የምትዘለፍ እናትም እንዲሁ ናት። ምጥ ሌላ፣ መርፌ ሌላ ነው። ዘለፋ ፍርሃትን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የተደበቀውም ፍርሃት ሰውየውን ከምርመራ ያስቀራል።

«ደሜ ያልቃል» ለሚሉ

ከደሃና ደጋ የመጡ እናት አጅበው ወደ ሆስፒታል ቢሄዱ ምናልባት የሚሰሙት የመጀመሪያ ነገር «ልጄ፣ ያለችኝን ጥቂት ደም ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?» የሚለው ይሆናል። ይህን ጥያቄ በሣቅ አይለፉት። ሦስት ብልቃጥ ተደርድሮ ያየ ሰው ብዙ ደም የሚቀዳ ቢመስለው አይፈረድበትም።

እንዲህ ብለው ያስረዷቸው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ። ለአንድ ብልቃጥ የሚወሰደው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ሦስት ብልቃጥ ቢሆን እንኳ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። በአንጻሩ ደም ለጋሽ የሆነ ጤነኛ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 450 ሚሊ ሊትር ይሰጥና ጥቂት ዐርፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሰውነት የጎደለውን ይተካል። የተወሰደውም ደም ለምርመራ ብቻ የሚያገለግል መሆኑንና ለምን ለምን እንደሚመረመር ሰውየው ጠይቆ የማወቅ መብት አለው።

ደግሞም ሁሉም ምርመራ ከክንድ ሥር ደም የሚያስቀዳ አይደለም። የወባ ፈጣን ምርመራ፣ የስኳር መለኪያና የኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ምርመራ ከጣት ጫፍ በሚወጣ ጠብታ ይሠራሉ። በቆላማው የዋግ ክፍል ወባ ያለበት ሰው ይህን በጤና ኬላው ውስጥ ያገኛል። እንግዲያውስ አስቀድመው «ምርመራው ከጣት ነው ወይስ ከክንድ?» ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ጭንቀት በዚህ ጥያቄ ብቻ ይቀልላል።

መርፌውን የሚበክል ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰውም ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ካለፈው ዘመን የተማረው ነው። ዛሬ ለክትባት የሚያገለግለው ሲሪንጅ አንዴ ከሠራ በኋላ ራሱን የሚቆልፍ በመሆኑ ሁለተኛ ሊያገለግል አይችልም። ለደም መቅጃም አዲስ መርፌ ነው የሚከፈተው። «እባክዎ ማሸጊያውን ከፊቴ ይክፈቱልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያም በዚህ አይቀየምም።

መርፌው ነው ወይስ ውጤቱ?

አንዳንድ ጊዜ «መርፌ እፈራለሁ» የሚል ሰው በእርግጥ የሚፈራው መርፌውን ሳይሆን ከመርፌው በኋላ የሚነገረውን ቃል ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል። ነገሩን በእርጋታ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ ይጠይቁ። «የሚያስጨንቅሽ መወጋቱ ነው ወይስ የሚገኘው ነገር?» ይበሉ። ውጤቱን ከሆነ የምትፈራው የማደንዘዣ ቅባትም ሆነ የማጽናኛ ቃል አይረዳትም። የሚረዳት ውጤቱ ምስጢር ሆኖ እንደሚጠበቅ፣ ለተገኘውም ሕመም ሕክምና እንዳለ ማወቋ ነው። ሕመሙ ቀድሞውኑ ካለ መርፌው አላመጣውም። ባይመረመርም አይጠፋም።

ስለዚህ ጉዳይ ከራሳችን ሴቶች የምንማረው አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ሴቶች ከሚመርጧቸው የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ በብዛት የሚወሰደው በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ነው። ለደም ምርመራ የምትንቀጠቀጥ ሴት የሦስት ወሯን መርፌ ቀኗን ቆጥራ፣ በእግሯ ሄዳ ትወጋለች። ለምን ቢሉ፣ ያንን መርፌ ራሷ መርጣዋለች፣ ጥቅሙን ታውቀዋለች፣ መቼና የት እንደሚሰጣትም ተረድታለች። ያልታወቀና ያልተመረጠ መርፌ ግን ያስፈራል። እንግዲህ ሕመምተኛን መርዳት ማለት ከሁሉ በፊት ማሳወቅና ማስመረጥ ማለት ነው።

ለሕፃናት

በሀገራችን የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሕፃናት በተወለዱ ጊዜ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወራቸው ይከተባሉ። በአንድ ቀጠሮ ሁለትና ከዚያ በላይ መርፌ የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ እናቶች መሳቀቃቸው አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 የክትባትን ሕመም ስለ መቀነስ ያወጣው ምክር ምንም ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ ለከተማም ለገጠርም ይበጃል። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝተው ከመጫን ይልቅ በጭንዎ ላይ ቀና አድርገው ይቀፉት። በእናቱ ደረት ላይ ያለ ልጅ የሚጨነቀው በጣም ባነሰ መጠን ነው።

2ኛ/ ጡት የሚጠባ ከሆነ ከመርፌው ጥቂት ቀደም ብለው ወይም እየተወጋ ሳለ ያጥቡት። በአፍ የሚሰጠው ጣፋጩ የሮታ ክትባት ካለ እርሱ ቢቀድም፣ ከመርፌዎቹም በጣም የሚያመው በመጨረሻ ቢሰጥ ይመረጣል።

3ኛ/ ከፍ ላለ ልጅ አይዋሹ። «ምንም አያምም» ያሉት ልጅ ካመመው በኋላ ሁለተኛ አያምንዎትም። ከዚህ ይልቅ «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፤ እስከ አምስት ስትቆጥር ያልቃል» ይበሉት።

4ኛ/ «አይዞህ» መልካም ቃል ናት። ነገር ግን በሚንቀጠቀጥ ድምፅ አሥር ጊዜ ብትደጋገም ልጁ የሚሰማው «የሚያስፈራ ነገር አለ» የሚለውን ነው። አንድ ጊዜ ብለው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ያጫውቱት። ፍየሎቹን ያስቆጥሩት፣ እንቆቅልሽ ይጠይቁት፣ እጁን እፍ ያስብሉት።

5ኛ/ ካለቀ በኋላ ያመስግኑት። የተወጋበትን ቦታ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይቀቡት። ካበጠ በንጹሕ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ መያዝ ይበቃል።

በቤትም ልጆች አሻንጉሊታቸውን እየ«ወጉ» የሐኪም ጨዋታ ቢጫወቱ አይከልክሏቸው፤ ፍርሃታቸውን የሚያወጡበት መንገድ ነውና። ሆኖም ከቆሻሻ የተገኘ እውነተኛ ሲሪንጅ ለመጫወቻ መስጠት አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ለልጃገረዶች

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የሚሰጥ ክትባት ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። አንዷ ተማሪ ስትወድቅ ያዩ ሌሎችም ተከታትለው ሊወድቁ ይችላሉ። ይህ የክትባቱ መርዝነት አይደለም፤ ፍርሃት ከዓይን ወደ ዓይን ስለሚተላለፍ ነው። ስለዚህ ልጅዎ እንደምትፈራ ካወቁ ቀደም ብለው ለመምህሯ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሩ። ከሰልፉ ተለይታ፣ በመጀመሪያ ወይም በመጨረሻ፣ ተቀምጣ ወይም ተጋድማ እንድትከተብ፣ ከዚያም 15 ደቂቃ ያህል ዐርፋ እንድትነሣ ያድርጉ። ቁርሷን በልታ እንድትሄድም አይርሱ።

ለአዋቂዎች፤ ጡንቻን የመወጠር ዘዴ

ተዝለፍልፎ ለሚወድቅ ሰው «ሰውነትህን አላላ፣ ተንፍስ» የሚለው ምክር አንዳንዴ ነገሩን ያብሰዋል፤ የደም ግፊቱ ይበልጥ ሊወርድ ይችላልና። ላርስ ጎራን ኦስት የተባሉ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ዘዴ ግን የተገላቢጦሹ ነው። ሰውየው ጡንቻውን በመወጠር የደም ግፊቱን ከፍ እንዲያደርግ ያስተምራል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ በቤት ሊለማመዱት ይችላሉ።

በመጀመሪያ ደገፍ ብለው ይቀመጡ። ከዚያም የሞላ እንስራ ወይም ጄሪካን ከመሬት ለማንሣት እንደሚታገል ሰው የእጅዎን፣ የእግርዎንና የሆድዎን ጡንቻ በአንድነት ይወጥሩ። ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ፣ ማለትም ፊትዎ ሞቅ እስኪል ድረስ ይቆዩ። ቀጥሎ ከ20 እስከ 30 ሰኮንድ ላላ ያድርጉት፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይዝለፍለፉ። ይህን አምስት ጊዜ ይደጋግሙ። ከቀጠሮው አስቀድሞ ባሉት ቀናት በየዕለቱ ጥቂት ጊዜ ቢለማመዱት በዕለቱ አይቸግርዎትም። በምርመራው ጊዜ የሚወጋውን ክንድ ላላ አድርገው ሌላውን ሰውነት ብቻ ይወጥሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ቁስል ያለባት ወይም የደም ግፊት ያላት ሴት ግን መጀመሪያ ባለሙያ ትጠይቅ። ለእርሷ በግራ ጎኗ ተጋድማ መመርመር ይሻላታል።

ፍርሃቱ የጠነከረበት ሰው ደግሞ እንደ ዳገት መንገድ ቀስ በቀስ ይውጣው። አንድ ቀን ሥዕሉን ይይ፤ ሌላ ቀን ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዶ ሳይመረመር ይመለስ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሌላው ሰው ሲመረመር ከአጠገቡ ይቀመጥ። የለመዱት ነገር ማስፈራቱን ይቀንሳል። ይህም ሁሉ ተደርጎ ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ሕክምና እስከ መተው የሚያደርሰው ከሆነ የሥነ አእምሮ ነርስ ወይም ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል። ይህ ፍርሃት በሕክምና ከሚድኑት የፍርሃት ዓይነቶች አንዱ ነው።

ጾምና ብርድ

በዋግ ደጋ እንደሌላው አካባቢ ሁሉ ጾም ይከበራል። ጥዋት በባዶ ሆድ፣ ውኃም ሳይቀምሱ ረጅም መንገድ የመጡ ሰው ደም ሲቀዱ ቢወድቁ አያስደንቅም። ከዚህም በላይ ውኃ የጎደለው ሰውነትና በብርድ የኮማተረ ክንድ የደም ሥሩ በቀላሉ አይገኝም፤ ሥሩ ሲጠፋ መርፌው ይደጋገማል፣ ፍርሃቱም ያድጋል።

ስለሆነም ምርመራው በባዶ ሆድ መሆን ይኖርበት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የደም ማነስ፣ የወባ፣ የደም ዓይነትና የኤች አይ ቪ ምርመራዎች ባዶ ሆድ አይጠይቁም። በባዶ ሆድ ለሚታየው የስኳር ምርመራም ቢሆን ንጹሕ ውኃ መጠጣት ይፈቀዳል። አንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀደም ብሎ መጠጣት መዝለፍለፍን ይቀንሳል። ጾመኛ ለሆኑ እናት «የንስሐ አባትዎን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነገር አለ» ቢሏቸው ከሕሊናቸው ጋር ሳይጣሉ ይመረመራሉ። ከምርመራው በኋላ የሚቀመስ በሶ ወይም ዳቦ ይያዙ። ክንዳቸውንም ተራቸው እስኪደርስ በጋቢ ሸፈን አድርገው ያሙቁላቸው።

ለጤና ሠራተኞችና ለአስታማሚዎች

ባለሙያው ሥራ በዝቶበት ሰልፉ ረዝሞ ሳለ ለእያንዳንዱ ሰው መጨነቅ እንደሚያዳግተው እናውቃለን። ሆኖም ለፈራ ሰው የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ከወደቀ በኋላ እርሱን ለማንሣት ከሚጠፋው ጊዜ ያነሰ ነው። «ከዚህ በፊት ደም ሲቀዱ ወድቀው ያውቃሉ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ብቻ ብዙ ታድናለች። አውቃለሁ ያለውን ከመቀመጥ ይልቅ ማጋደም ነው። መርፌውን ከዓይን ሰወር አድርጎ ማዘጋጀት፣ ከመውጋት በፊት መንገር፣ ማየት የሚሻ እንዲያይ፣ የማይሻም ፊቱን እንዲያዞር መፍቀድ፣ የትኛው ክንድ እንደሚሻለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሥሩ ካልተገኘ ሌላ ባለሙያ መጥራት የተለመደ መልካም አሠራር ነው። አፋቸውን በኽምጣኛ ለፈቱና አማርኛ ለማይቀናቸው አዛውንትም የሚሆነው ሁሉ በገዛ ቋንቋቸው ቢነገራቸው ግማሹ ፍርሃት እዚያው ይቀራል።

አስታማሚ ሆነው የሄዱ እንደሆነ ደግሞ ሥራዎ በር ላይ አያልቅም። ሰልፉ ላይ ይጠብቁ፤ ፈቃድ ጠይቀው አብረው ይግቡ፤ ሌላውን እጃቸውን ይያዙ። «ቶሎ በይ» አይበሉ። ሲወድቁ ካዩ አያስቀምጡ፣ ውኃም በፊታቸው ላይ አይርጩ፤ አጋድመው እግራቸውን ከፍ ያድርጉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነቃሉ። ከነቁም በኋላ ወዲያው አያስነሡ። ቤት ገብተው ነገሩን ለጎረቤት መሣቂያ አያድርጉ። በመሥሪያ ቤትም ደም ልገሳ ወይም የጤና ምርመራ በሚደረግበት ቀን ጥግ ይዞ የቀረውን ባልደረባዎን «ፈሪ» ብለው ከመጥራት ይልቅ «አብረን እንሂድ፤ እኔ ልቅደም» ይበሉት።

ውድ አንባቢ፣ የዋግ አገር በማሩ የታወቀ ነው። ማር የሚቆርጥ ሰው ንብ እንደምትነድፍ ያውቃል፤ ቢሆንም ቀፎውን ጥሎ አይሸሽም። ጭሱን ያዘጋጃል፣ ፊቱን ይሸፍናል፣ ልምድ ያለውን ሰው ከጎኑ ያቆማል፣ ከዚያ በኋላ እጁን ይሰዳል። መርፌ የሚፈራ ሕመምተኛም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከቤተሰብዎ አንዱ የምርመራ ወይም የክትባት ቀጠሮ ካለው ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደሚያስፈራው ይጠይቁት፤ ሳያቋርጡም ያድምጡት።